ከባሌስትራው ሁለት ብረት ስናወርድ

ይህ ምልልስ በመሐል ሜዳ፣ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ፣ መኪናችን የኋላ ጎማዎቿን አውልቃ በእንጨት ጉማጅ ላይ ቆማ ሳለ የተደረገ ነው። መኪናዋ የአባቴ ናት፤ ሰባ አምስት የምንላት ላንድክሩዘር፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ። አባቴ ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ፣ አልፎም እስከ ጊሼ ራቤል ሰውና እህል ሲያመላልስባት ኖረ። መንገዱን ቅጥቅጥ አይሱዙና ሚኒባስ ሲይዘው ለእኔ ተወልኝ፤ እኔም የጓሳን ጥብቅ ሥፍራ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን እወስድባታለሁ። መካኒኩ የአባቴ የልብ ወዳጅ ስለሆኑ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት።

እኔ፦ ጋሼ፣ ሐሳቤን ልንገርዎት። ከፍ እንድትልልኝና እንድትጠነክርልኝ ነው የምፈልገው። ባሌስትራው ላይ ብረት እንጨምር፣ ከሻንሲው የሚያያይዘውን ሻክል እናስረዝም፣ ትልልቅ ጎማ እናግባ። ገንዘቡን አጠራቅሜአለሁ።

ጋሼ፦ ገንዘቡን ኪስሽ መልሺውና መጀመሪያ ሕመሟን ንገሪኝ። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው «ይህን መርፌ ውጋኝ» አይልም፤ «እዚህ ጋ ያመኛል» ነው የሚለው።

እኔ፦ ትጥላለች። ከዋናው መንገድ ወጥተን ጥርጊያውን ስንይዝ፣ በተለይ መሬቱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ በተሸበሸበበት ቦታ፣ ኋላዋ ወደ ጎን ይሸሻል። ባለፈው አንዲት እንግዳ «ከዚህስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» ብላ ወርዳለች። ደግሞ ወደ ግራ አዝምማለች። ከፊት ለፊት ቆመው ቢያዩዋት አንድ ትከሻው የወረደ ሰው ትመስላለች።

ጋሼ፦ ማዝመሟ ሌላ ነው፣ እንደርስበታለን። መጣሏን ግን ስሚኝ። መኪና የሚጥለው ደክሞ አይደለም፣ ጠንክሮ ነው። በቅሎ ታውቂያለሽ። ሰጋሯ ለምን ትመቻለች? ጉልበቷን ስለምታጥፍ ነው። ጉልበቱን የማያጥፍ ከብት ላይ የተቀመጠ ሰው ወገቡ ይቆረጣል። እስቲ ከሥር ግቢና ብረቶቹን እያቸው።

እኔ፦ (ከሥር ሆኜ) ከታች ያሉት ሁለቱ ከሌሎቹ ይወፍራሉ። ዝገታቸውም የተለየ ነው።

ጋሼ፦ የቶዮታ አይደሉማ! ከአይሱዙ የጭነት መኪና የወጡ ናቸው። እኔው በእጄ ነኝ ለአባትሽ የጨመርኳቸው። ያኔ ልክ ነበርን። አባትሽ በገበያ ቀን ስንት ሰው ይጭን ነበር?

እኔ፦ ከውስጥ አሥራ አንድ። ከላይ ፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ እህልና በግ።

ጋሼ፦ አሥራ አንድ ሰው፣ አንዱን 60 ኪሎ በይው፣ 660 ነው። ሦስት ኩንታል ገብስ ጨምሪ፣ 960። በጎቹን ተያቸው። አንቺ ዛሬ ምን ትጭኛለሽ?

እኔ፦ እንግዳ ሦስት፣ እኔ አራተኛ። ድንኳን፣ ምግብ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ።

ጋሼ፦ ሰዉ 280፣ ውኃው 40፣ ሌላው 80 ቢሆን፣ 400 ኪሎ ነው። እንግዲህ አንድ ቶን ሊሸከም የተሠራ ትከሻ ላይ 400 ኪሎ ጭነሽ ነው «ለምን አይታጠፍም» የምትይው። ጭነቱ ተለውጧል፣ ብረቱ ግን አባትሽን እየጠበቀ ነው።

እኔ፦ ሁለት ብረት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ጋሼ፦ ያችን ስስ ጣውላ አቀብዪኝ። አየሽ፣ አንዷን ብቻ ስይዝ በጣቴ ትጎብጣለች። ሁለቱን ሳላጣብቅ ብደራርባቸው ጉልበታቸው እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። አሁን ያንን ሁለቱን የሚያህል ወፍራሙን ሞክሪው።

እኔ፦ አይነቃነቅም!

ጋሼ፦ አይነቃነቅም። ስንት እጥፍ እንደሆነ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ።

እኔ፦ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ከሆነ፣ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ነው። ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ቆይ፣ የአይሱዙው ብረት የቶዮታውን አንድ ተኩል ያህል ቢወፍር፣ አንዱ ብቻውን ከሦስት የቶዮታ ብረት በላይ ይቆጠራል። ሁለቱ ደግሞ ወደ ሰባት ይጠጋሉ።

ጋሼ፦ እኔ ሒሳቡን አላውቀውም፣ ግን በወገቤ አውቀዋለሁ። ሁለት ብረት የጨመርን መስሎን ነበር፣ ለካ ሰባት ነው የጨመርነው።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባሌስትራ ከሸክሙ የተነሣ ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚለካ ሰው የመኪናውን አረጋገጥ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። 6 ሳንቲም ገደማ ብቻ የሚጎብጥ ከሆነ መኪናው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይዘላል። 11 ሳንቲም ከጎበጠ አንድ ጊዜ ተኩል ነው፤ ይህን ሰውነታችን በደንብ ይችለዋል። ሸክሙ ሲያንስና ብረቱ ሲጠነክር ዝላዩ ይፈጥናል። እንግዳዬን ከመኪና ያስወረዳት ይህ ፍጥነት ነው።)

እኔ፦ ጋሼ፣ ባሌስትራ ቃሉ የጣሊያን መሆኑን ያውቃሉ። በራሳቸው ቋንቋ ግን ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ቀስት ነው፤ ያ በእንጨት ሰደፍ ላይ ተጋድሞ በቃታ የሚተኮሰው።

ጋሼ፦ ይህን ዛሬ ሰማሁ። ሞላም፣ ፍሪሲዮንም፣ ዳዶም ከእነሱ እንደሆነ አውቃለሁ። በወረራው ዘመን በጣርማ በር ተራራውን ቀድደው ሲገቡ ቃሉንም ይዘው ገቡ። ቀስት መባሉ ግን ልክ ነው። ጎብጦ ሸክም ይይዛል፣ ሲለቁት ይወረውራል። እስቲ ንገሪኝ፣ የተወረወረውን ማን ያቆመዋል?

እኔ፦ ሾክ አብዞርበሩ።

ጋሼ፦ ሾኩ! አንቺ ግን ስለ ሾክ አንድም ቃል አልተነፈስሽም። ሁሉም እንደዚህ ነው። ባሌስትራው ስለሚታይ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያፈሳል። ሾክ ከውጭ ሲያዩት ቱቦ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ይግላል፤ የመኪናው ዝላይ ሙቀት ሆኖ በአየር ይወጣል ማለት ነው። ዛሬ ከጓሳ ስትመጪ አራቱንም በእጄ ዳስሻቸዋለሁ። የፊት ሁለቱ ለብ ብለዋል። የኋላ ግራው ትንሽ ሞቅ ይላል። የኋላ ቀኙ እንደ ሌሊት ድንጋይ ቀዝቅዟል።

እኔ፦ ቀዝቃዛው ደኅናው ነው ማለት ነው?

ጋሼ፦ ቀዝቃዛው የሞተው ነው። ሥራ የሠራ ይሞቃል። ዘይቱ አልቆበታል፤ እየተንጠለጠለ ብቻ ነው የሚሄደው። ይህን ፍተሻ ማንም ሹፌር መንገድ ዳር ቆሞ ማድረግ ይችላል። ብቻ በደንብ የሠራ ሾክ እጅ ስለሚያቃጥል መጀመሪያ በጣትሽ ጫፍ ሞክሪ። መኪናውን በእጅ እየገፉ «ዘለለ፣ አልዘለለም» የሚሉት ለቤት መኪና ነው። የዚህች ባሌስትራ በሰው ክንድ አይንቀሳቀስም፣ ምንም አይነግርሽም።

እኔ፦ ኋላዋ የሚሸሸውስ?

ጋሼ፦ እሱም ከሾኩ ነው። ጎማው አንዱን ሽብሽብ ነክቶ ይነሣል፣ ሾክ ካልያዘው ሳይወርድ ሁለተኛው ይመታዋል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መሬት አይጨብጥም።

እኔ፦ ስለዚያ ሽብሽብ መንገድ ያነበብኩት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የፊዚክስ ሰዎች አሸዋ ላይ ጎማ እያሽከረከሩ አጥንተውታል። ሽብሽቡ የሚወለደው ከፍጥነት ነው። ጎማው ሞላም ባሌስትራም ባይኖረው እንኳ ከተወሰነ ፍጥነት ካለፈ መሬቱን ያጥፈዋል፤ ከዚያ በታች ከሄደ ግን አይፈጠርም።

ጋሼ፦ ታዲያ ግማሹ መድኃኒት እግርሽ ሥር ነው። ቀስ በዪ። ጎማውንም ወደ ጥርጊያው ስትገቢ ትንሽ አስተንፍሺው። እንደ ድንጋይ የተነፋ ጎማ ከጠነከረ ባሌስትራ አይለይም። አስፋልት ስትደርሺ ግን መልሰሽ ሙዪው፣ አለዚያ ይግልና ይፈነዳል።

እኔ፦ ሁሉንም ነቅለን ሞላ ብናደርጋትስ? አዲሶቹ ሁሉ ሞላ ናቸው።

ጋሼ፦ ሁሉም አይደሉም። ቶዮታ ራሱ መቼ ነው የለወጠው?

እኔ፦ ሰባ የሚባለው ዘር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፣ በአራቱም በኩል ባሌስትራ ሆኖ። በ1999 የፊቱን ወደ ሞላ ለወጡት። የኋላው እስከ ዛሬ ባሌስትራ ነው። ላንድሮቨር ግን በ1948 በባሌስትራ ጀምሮ፣ በ1983 አንድ መቶ አሥር የሚባለውን ሲያወጣ በፊትም በኋላም ሞላ አደረገው።

ጋሼ፦ ቶዮታ የኋላውን ያልነካው ሰንፎ እንዳይመስልሽ። ሞላ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ሸክም መያዝ። አክስሉ ወደ ፊት እንዳይሮጥ፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዙት ሌሎች ክንዶች ናቸው። ባሌስትራ ግን ይሸከማልም፣ አክስሉን ቦታው ላይ አስሮ ይይዛልም። አንቺ ሞላ ብትዪኝ እነዚያን ክንዶች ሁሉ ሻንሲው ላይ መበየድ አለብኝ። ሥራውን በልኩ የሚሠራ፣ ለክቶ የሚቆርጥ ቤት አለ፤ እኔ ጋ ግን የለም። ገደል አፋፍ ላይ ለምትሄድ መኪና በዓይን ግምት ሻንሲ አልበይድም። ደግሞም ባሌስትራ ቢሰበር የቀሩት ብረቶች ቤት ያደርሱሻል። ዋናው እንኳ ቢሰበር፣ በሰንሰለትና በእንጨት አስሮ የመጣ ሹፌር በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ፦ እሺ፣ ሞላው ይቅር። ከፍ ማድረጉስ? ድንጋይ ሆዷን ይነካታል።

ጋሼ፦ ለስንት ሳንቲም?

እኔ፦ አሥር።

ጋሼ፦ አሥር ሳንቲም ከፍ ስትል የሚከተለውን ልቁጠርልሽ። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ ያጥራሉ፤ አክስሉ ሲወርድ ይወጠራሉ። ከማርሹ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ይጣመማል፣ መጋጠሚያ መስቀሎቹን ይበላል። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ፤ መኪናዋ ከፍ ካለች «ባዶ ነች» ብሎ የኋላ ፍሬን ኃይል ይቀንስብሻል። ጭነትሽ ግን አለ። ይህን ቫልቭ ብዙ ሰው አያስተካክለውም፣ እኔም ድሮ አላውቀውም ነበር። ሻክሉን ማስረዘም ደግሞ የፊት አክስሉን አቀማመጥ ያዛባል፤ መሪው ወደ መሐል አልመለስ ይልሻል። ከሁሉም በላይ ትገለበጣለች። ከአፋፍ ወደ ቆላ ስትወርጂ በጎን ተዳፋት ላይ አሥር ሳንቲም ብዙ ነው።

እኔ፦ ትልቅ ጎማ ብቻ ብናደርግስ?

ጋሼ፦ ትልቅ ጎማ ማርሹን ያከብዳል። ሞተርሽ ቱርቦ አለው?

እኔ፦ የለውም። 4.2 ሊትር ዲዝል ነው፣ ስድስት ሲሊንደር።

ጋሼ፦ እዚህ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ቁልቁል ደኅና ትሄዳለች፣ አቀበት ላይ ታቃስታለች።

እኔ፦ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል፣ እንዲያውም በትንሹ በበለጠ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ይደክማል።

ጋሼ፦ ለደከመ በሬ ከባድ ቀንበር አይጫንም። ፋብሪካው ያዘዘውን ሰባት ሃምሳ በአሥራ ስድስት ጎማ ያዢ። ሆዷን ድንጋይ የሚነካው አጥራ ሳይሆን ግራው ባሌስትራ ስለተኛ ነው። እሱ ሲቃና የጎደለብሽን ከፍታ ታገኛለሽ።

እኔ፦ የተኛውን ባለ እጁ ጋ ወስደን ብናስቀጠቅጠውስ? አባቴ እንደዚያ ያደርግ ነበር።

ጋሼ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ይህን ስትጠይቂኝ ደስ አይለኝም፣ ግን ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ የአንድ ሰው ባሌስትራ ተኛና፣ እኔው ወስጄ በከሰል አስግዬ፣ ጎብጦ ሲመለስ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ሰውየው ሦስት ገበያ እንኳ ሳይሄድበት ከመሐሉ እንደ ሸክላ ተሰበረ። ቁልቁለት ላይ ነበር፤ ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብረቱ ምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

እኔ፦ የባሌስትራ ብረት ጉልበቱ ከቅርጹ ብቻ አይመጣም፣ ከአተኳኮሱም ነው። ፋብሪካ ውስጥ 850 ዲግሪ ገደማ አግለው ዘይት ውስጥ ያቀዘቅዙታል፣ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና ያለዝቡታል። ሳይለዝብ የቀረ ይሰበራል። ግሎ ዝም ብሎ በአየር የቀዘቀዘ ደግሞ ይለሰልስና ወዲያው ይተኛል።

ጋሼ፦ ባለ እጁ ማጭድና ማረሻ ሲሠራ ይህን በደንብ ያውቃል፤ የማጭዱን ስለት ለይቶ ነው ውኃ የሚያጠጣው። ክርክሬ ከእሱ ጋር አይደለም። የባሌስትራ ሙቀት በእሳት ቀለም ብቻ የሚለካ ስላልሆነ ነው። ሳያግሉ በቀዝቃዛው እየቀጠቀጡ ማጉበጥ ይሻላል፣ እሱም ዕድሜው አጭር ነው። ብየዳማ ፈጽሞ! የተበየደ ባሌስትራ በብየዳው አጠገብ ይሰበራል፣ ስንቴ አይቻለሁ።

እኔ፦ ታዲያ ምን እናድርግ?

ጋሼ፦ ከየባሌስትራው ሁለቱን የአይሱዙ ብረቶች እናወርዳለን። የቀሩትን ፈትተን አንድ በአንድ በሽቦ ብሩሽ እናጥባቸዋለን። እያቸው፣ ዝገቱ አጣብቋቸዋል። ንብር ብረት አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት አለበት። ከተጣበቀ ያ ወፍራሙ ጣውላ ሆነ ማለት ነው፣ ስምንት እጥፍ ያልሽው። አጥበን፣ ጫፋቸው የቦረቦረውን አለስልሰን፣ በግራፋይት ግሪስ ቀብተን እንመልሳለን። ላስቲክ ጎሚኒዎቹን በሙሉ እንለውጣለን፤ አልቀው ብረት በብረት እየጮኸ ነው። ሾኮቹን አራቱንም አዲስ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያቅፉትን ጎባጣ ብሎኖች ደግሞ አዲስ ትገዣለሽ። አንዴ የተወጠረ ብሎን ሁለተኛ አይታመንም።

እኔ፦ የተኛው ግራውስ?

ጋሼ፦ ከታጠበ በኋላ ከቀኙ ጋር ጎን ለጎን አቁመን እንለካለን። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ግራና ቀኙን እናለዋውጣለን። ሹፌሩ በግራ ስለሚቀመጥ ግራው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደክማል። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ሶማሌ ተራ ወርደሽ ጥንድ ፈልጊ። አንዱን ብቻ እንዳትገዢ፣ ጥንድ። ጉብጠታቸው እኩል መሆኑን መሬት ላይ አቁመሽ እዪ፤ ከመሐሉ ብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ተዪው። ባሌስትራ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው፣ ጎባጣዎቹ ብሎኖች ሲላሉ ብረቱ በቀዳዳው ላይ ይሠራና ይቆረጣል።

እኔ፦ አዲስ ከውጭ ባዝስ? አውስትራሊያኖች ለዚችው ለሰባ አምስት እንደ ጭነቱ መጠን የተለያየ ባሌስትራ ይሠራሉ። ኦልድ ማን ኢሙ የሚባለው አንዱ ነው። ብረቶቹ ጥቂት ሆነው ከመሐል ወፍረው ወደ ጫፍ የሚሳሱ፣ እርስ በርስ የማይነካኩ ዓይነትም አለ፣ ፓራቦሊክ ይሉታል።

ጋሼ፦ ብሩ ካለሽ ጥሩ ነው። ግን አየሽ፣ እነሱም የሚጠይቁሽ ያንኑ ነው፦ «ስንት ኪሎ ትጭኛለሽ?» ያንን ሳያውቅ «ከባዱን ስጡኝ» የሚል ሰው የአይሱዙን ብረት በውድ ዋጋ ገዛ ማለት ነው። ከፖርቶመጋላው ላይ የማያስፈልግሽን አውርጂ፤ ከላይ ያለ 50 ኪሎ ከታች ካለ 100 ይከፋል። ከዚያ ለጉዞ የምትጭኚውን ሁሉ አምጪልኝ። ባዶዋን ሠርቼ አላውቅም።

ሥራው ሁለት ቀን ተኩል ወሰደ። የግራው ልዩነት ትንሽ ስለነበር ግራና ቀኙን አለዋወጥን። ጋሼ የጎሚኒዎቹን ዳዶ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ፣ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ሳለ ነው ያጠበቁት። ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ወዲያውም ይቀደዳል። ይህን ሲነግሩኝ አራት ጊዜ ደጋግመውታል።

እኔ፦ መቼ ልመለስ?

ጋሼ፦ 500 ኪሎ ሜትር ስትሞይ። አዲስ ብሎን ይላላል፤ ብረቶቹም ቦታቸውን ይይዛሉ። ያኔ ደግመን እናጠብቀዋለን። ከዚያ በፊት ከባሌስትራው ጩኸት ከሰማሽ ባለሽበት ቁሚ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ከስምንቱ ዳዶዎች አምስቱ ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። የአይሱዙን ብረቶች ግን በጋራዡ ጥግ አላገኘኋቸውም፤ ባለ እጁ ለመኸሩ ማጭድ ሊሠሩባቸው ወስደዋቸዋል።